የአባትሽን ሽጉጥ ለግራይንደር አትስጪው

ሰሞኑን አንዲት እህት ከሦስት ፎቶ ጋር የላከችልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ከሌላ ሰው ላይ በሕጋዊ መንገድ የገዛው ስቴንለስ ሪቮልቨር ነበረው። እሱ ካረፈ በኋላ ፈቃዱ ወደ እኔ ስም ተዛውሯል። ከቆዳ ማህደሩ ሳወጣው በግራ ጎኑ ቡናማ ነጠብጣብ አገኘሁበት። በርሜሉ ላይ ጭረት አለ። ጥይት የሚገባበት ከበሮው አጠገብ የሆነ ሰው በሽቦ የፈተገው የሚመስል ደብዛዛ ቦታ አለ። እጀታው ላይም ጣት በሚያርፍበት በኩል አጫጭር ጭረቶች አሉ። ስቴንለስ አይዝግም አልነበር እንዴ? ወንድሜ ‹ግራይንደር ላለው ልጅ እንስጠውና እንደ መስታወት ያብራው› ይላል። እኔ ፈራሁ። ምን ይሻላል?»

መፍራትሽ ልክ ነው። ወንድምሽም ክፉ አላሰበም። ግን ግራይንደር የያዘ ልጅ አንድ ነገር ነው የሚያውቀው፤ መላጥ። በር ቢሆን ቀለሙ ተልጦ እንደገና ይቀባል። ስቴንለስ ግን ቀለም የለውም። የምታዪው ብረቱን ራሱን ነው። የተላጠው አይመለስም። ስለዚህ እኔ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲመጣልኝ «እንዴት ላብራው?» አልልም። «ምን ያህል ትንሽ ብነካው ይበቃል?» ነው የምለው።

ማንነቴን ልንገርሽ። የመሣሪያ ጠጋኝ አይደለሁም። ብረት አብሪ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የማኪያቶ ማሽን ገላ፣ የሆቴል ኩሽና ጠረጴዛ፣ የክሊኒክ ትሪ፣ የደረጃ መደገፊያ ስፈትግ ኖሬያለሁ። ድሮ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነበርን። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃችንን ጭነን ተክለሃይማኖት ገባን። ሽጉጥ ሥራዬ ባይሆንም ብረቱ የነዚያ የአጎት ልጅ ነው። ስለ ቆዳው ልነግርሽ እችላለሁ። ውስጡ፣ ምላጩ፣ መዶሻው ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም። መሣሪያ መጠገን ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ አንቺም ውስጡን እንዳትከፍቺው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያሳሳተን ስሙ ነው። «የማይዝግ ብረት» ብለን ስንጠራው ያልገባልንን ቃል አስገባነው። «ቶሎ የማይዝግ» ብንለው ይሻል ነበር።

ነገሩ የሚሠራው በክሮሚየም ነው። ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር፣ ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይያያዝና ላዩ ላይ ስስ ልባስ ይሠራል። በዓይን አይታይም። ውፍረቱ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ልባስ ቢጫር መልሶ ራሱን ይሸፍናል። አየር እስካገኘ ድረስ። ይህቺን «አየር እስካገኘ ድረስ» የምትለውን ያዢልኝ፣ እንመለስባታለን።

የሚገርመው ይህ ብረት ትውልዱ ከመሣሪያ ነው። በ1913 እንደ ፈረንጆቹ፣ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል ባለሙያ የጠመንጃ በርሜል ውስጡ ቶሎ እንዳይበላ መላ ይፈልግ ነበር። ክሮሚየም የበዛበት ብረት አቀለጠ። ብረቱ ስሙን ያገኘው ግን በጠመንጃ ሳይሆን በቢላዋ ነው። ወደ ሽጉጥ ለመመለስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። የመጀመሪያውን ስቴንለስ ሪቮልቨር፣ ሞዴል 60ን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያወጣው በ1965 ነው።

ስቴንለስ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ኩሽናሽ ውስጥ ያለው ማጠቢያ አብዛኛውን ጊዜ 304 የሚባለው ነው። 18 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ማንኪያ ጀርባ ላይ 18/10 የሚል ካየሽ የዚያው ቤተሰብ ነው። ሽጉጥ ግን በሙቀት የሚጠነክር ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደ 410 እና 416 ካሉት ከ400ዎቹ ወገን ነው። የነዚህ ክሮሚየም ከ12 እስከ 13 በመቶ አካባቢ ነው። 416 ላይ ደግሞ ለቶርኖ እንዲመች ድኝ ይጨመርበታል። ድኙ ሠራተኛውን ደስ ያሰኘዋል፣ ዝገትንም ደስ ያሰኘዋል። እና የአባትሽ ሽጉጥ ከማጠቢያሽ ይልቅ ለዝገት ቅርብ ቢሆን አይግረምሽ።

እግረ መንገዴን አንድ የመርካቶ ወሬ ላስተካክል። ማግኔት በኪሱ ይዞ የሚዞር ገዢ አለ። «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» ይላል። ለማጠቢያ ሳህን ያስኬደው ይሆናል። ለሽጉጥ አያስኬድም። የ400ዎቹን ወገን ማግኔት ጥብቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። እንዲያውም እኔ የምጠራጠረው ካልያዘው ነው። አንዳንድ ቀለል ያሉ ሪቮልቨሮች ከበሮአቸውና በርሜላቸው ስቴንለስ ሆኖ ገላቸው አሉሚኒየም ነው። ቀለሙን አመሳስለው ስለሚያለብሱት ዓይን ይሸወዳል። እንዲህ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ብትነኪው ልባሱ ይነሳና ባለ ሁለት ቀለም ሆኖ ይቀራል። ኒኬል የተቀባ አሮጌ ሽጉጥም አለ። ኒኬል ሲያረጅ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲላጥ ደግሞ ጠርዝ ያለው ቅርፊት ይሠራል። ፎቶሽ ላይ ቅርፊት አላየሁም። ቢሆንም የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈውን ማግኔት አምጪና ገላውንም ከበሮውንም ነካ ነካ አድርጊበት። ሁለቱንም ከያዘ እንቀጥላለን። ገላውን እምቢ ካለ ከጥጥና ከዘይት አትለፊ።

እሺ፣ ማን አዛገው?

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማህደሩ ነው። ሰው ቆዳ ዕቃ ይጠብቃል ብሎ ያስባል። ለመያዝ እንጂ ለማኖር አይሆንም። ቆዳ ሲለፋ ጨውና አሲድ ይነካዋል፤ ትንሹ ውስጡ ይቀራል። ከዚያ ላይ የክረምቱን እርጥበት ይጠጣል። ሐምሌና ነሐሴን የአዲስ አበባ ቁምሳጥን ውስጥ ያሳለፈ ኮት ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ። ሽጉጡ እዚያ ውስጥ ከእርጥብ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ከርሟል። አየር የለም። ልባሱ ራሱን መጠገን አልቻለም። ነጠብጣቡ በግራ ጎኑ ብቻ መሆኑም ይህንኑ ይነግረኛል። አንዱ ጎን ከቆዳው ጋር ተኝቶበታል።

ሁለተኛው ላብ ነው። ላብ ጨው ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ የስቴንለስ ዋነኛ ጠላት ነው። የአንዳንድ ሰው እጅ ጨው ይበዛበታል። እኔ ጋ የሠራ አንድ ልጅ ነበር፣ የነካው ትሪ ሁሉ በነጋታው የጣቱን ማኅተም ይዞ ይጠብቀን ነበር። ጓንት አስገደድኩት።

ሦስተኛው በረኪና ነው። ይሄ ያንቺ ቤት ላይሆን ይችላል፣ ግን ልናገር። «ጽዳት» ሲባል እጃችን ወደ በረኪና ነው የሚሄደው። በረኪና ክሎሪን ነው። እድፉን ያነጣዋል፣ ብረቱን ግን እንደ ወንፊት ይበሳዋል። የስንት ካፌ ጠረጴዛ በዚህ ምክንያት መጣልኝ መሰለሽ። ሽጉጡ ዘንድ እንዳይደርስ።

አራተኛው ሽቦው ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

ተለማማጅ ሳለሁ አንድ የማኪያቶ ማሽን የፊት ሽፋን ተሰጠኝ። ጣሊያን ሠራሽ፣ የሚያምር። ጌታዬ ምሳ ወጣ። እኔ ደግሞ ቶሎ ጨርሼ ላስደንቀው ፈለግሁ። ጠዋት የግቢ በር የፈተግኩበትን የሽቦ ብሩሽ አንስቼ ለቀቅኩበት። አበራ። ባለቤቱም ወሰደው። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ሽፋኑ በሙሉ ብርቱካንማ ጠቃጠቆ ወጥቶበታል፤ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ፊት ነው የሚመስል። ጌታዬ አልተቆጣም። ብሩሹን አንስቶ በነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። የወጣው ቡናማ ዱቄት ነበር። «በሩን እዚህ ላይ ተከልከው» አለኝ። ያ ሁሉ ዝገት የስቴንለሱ አልነበረም። ብሩሹ ከበሩ ያነሳው ተራ ብረት ስቴንለሱ ቆዳ ውስጥ ተሰክቶ፣ እሱ ነው የዛገው።

የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም እንደዚያው ነው። ተራ ብረት የሆነው ሲፈተግ ይበጣጠስና ቁርጥራጩ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። ከበሮው አጠገብ ያለው ያ ደብዛዛ ቦታ ላይ ቀረብ ብለሽ እዪ። በሁለተኛው ፎቶ ጭረቶቹ እየተጠማዘዙ፣ እየተሻገሩ ነው የሚሄዱት። ፋብሪካ እንዲህ አይፈትግም። እጅ ነው። ሰውየው ደግሞ አንድ ትንሽ እድፍ ለማንሳት ብሎ ነው የጀመረው፣ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጪ። ከበሮውን አውጥተሽ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በዓይንሽም በጣትሽም እዪ። ካላወቅሽበት ፈቃድና ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ ሆኖ ያሳይሽ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቆለፍበት። ሥራው ላይ ሳለሽ ልጅ አይግባ፣ እንግዳ አይግባ። ይሄ ድርድር የለውም።

ከዚያ ምንም ሳትፈትጊ እጠቢው። እጠቢው ስልሽ ሳፋ ውስጥ አትንከሪው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አርጥበሽ ጨምቂው፣ ላዩን አብሺ። በሌላ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ድገሚው። አድርቂው። ቀጥሎ የመሣሪያ ዘይት፣ ከጠፋም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ነጠብጣቦቹ ላይ በጥጥ ነካ ነካ አድርጊና እንዲያድር ተዪው። ጠዋት በንጹሕ ጥጥ ጥረጊው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ደስ ይበልሽ። ዝገቱ ላይ ላዩን ነው ማለት ነው። ጥጉና ጽሑፉ መሐል የቀረውን በስቴኪኒ ጫፍ ግፊው። እንጨት ብረቱን አይጭረውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሥራው አልቋል። ይህን ስል ገበያዬን እየዘጋሁ ነው፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ያቺ «ዛገ» የተባለች ነጠብጣብ ግማሽ ጊዜ አቧራና የደረቀ ዘይት ናት።

የቀረ ካለ ጥፍርሽን ተጠቀሚ። መስኮት አጠገብ ቁጭ በይና ጥፍርሽን በቀስታ ነጠብጣቡ ላይ አሳልፊው። ምንም ካልያዘሽ እድፍ ነው። ትንሽ ከያዘሽ ጭረት ነው። ጥፍርሽ ገባ ብሎ ከወጣ ደግሞ ብል እንደበላው ጋቢ ተበልቷል፤ ጉድጓድ ነው። ለሦስቱ ሦስት መልስ አለ።

እድፉ ቀላል ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሰሽ በጥጥ፣ በብረቱ መስመር አቅጣጫ አሺው። ጥረጊው፣ አድርቂው፣ ዘይት አስነኪው።

ጭረቱ ላይ ነው ጥበቡ ያለው። በርሜሉን በመስኮት ብርሃን አዟዙረሽ ብታዪው ጸጉር የሚያህሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ። ፋብሪካው ያሰመራቸው ናቸው። ጭረት የሚታየው ጥልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ከነዚህ መስመሮች ጋር ስለተጣላ ነው። ሽማ ላይ በአግድም የተሳበ ክር እንደሚያስታውቅ ማለት ነው። እና ጭረትን ማጥፋት የግድ አይደለም። ከጎረቤቶቹ ጋር ማመሳሰል ይበቃል።

ለዚህ የሚያስፈልግሽ ዕቃ አንድ እፍኝ አይሞላም። ተክለሃይማኖትም ሆነ ሰባራ ባቡር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ትገቢና በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 600 እና 400 ትገዢያለሽ። ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል። ከ320 በታች ያለውን ሻጩ በነፃ ቢሰጥሽም አትውሰጂ። ግራጫ ስኮችብራይት፣ ያ እንደ ስፖንጅ ያለው መፈተጊያ፣ ካገኘሽ ያዢ፤ ቀዩ ከሱ ይሻክራል። አረንጓዴው የኩሽናም ለስላሳ መስሎሽ አትሸወጂ፣ መፈተጊያ ዱቄት አለበት። የምትገዢው ሁሉ አዲስ ይሁን። ሌላ ብረት የነካ እንዳይሆን፤ የእኔን የበር ብሩሽ አስታውሺ። ከልጆች ቦርሳ ደግሞ አንድ ላጲስ ተበደሪ።

ላጲሱ ምን ይሠራል? ወረቀቱን በጣትሽ ብትይዢው ጣትሽ ለስላሳ ስለሆነ ጭረቱ ላይ ይጎደጉዳል፣ ጠርዙንም ያሞላልጫል። ወረቀቱን በላጲሱ ላይ ጠቅልለሽ ስትይዢው ግን ገጹ ቀጥ ይላል። እኔ አሁንም ለትንንሽ ሥራ በኪሴ ያለው ላጲስ ነው። ወርክሾፕ የሚመጡ ሰዎች ይስቁብኛል።

መጀመሪያ ግን በሽጉጡ አትጀምሪ። አሮጌ ማንኪያ ወይም የተጣለ የስቴንለስ ክዳን ላይ ተለማመጂ። በምስማር ጫሪውና አመሳስይው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሞክሪ እጅሽ ይገባዋል።

በርሜሉ ላይ ስትመጪ ጽሑፉንና ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ። በርሜሉ አፍና የከበሮው ቀዳዳዎች ላይም ለጥፊ። ወረቀቱን በዘይት አርጥቢ፣ ከ600 ጀምሪ። አሳሳቡ እንዲህ ነው፦ ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ሳታቋርጪ እስከ ሌላው ጫፍ፣ በመስመሩ አቅጣጫ፣ ሳትጫኚ። አንሺ፤ እንደገና ከመነሻው። መመላለስ የለም። መዞር በፍጹም የለም፤ ክብ የሠራሽበት ቦታ ፀሐይ ላይ እንደ ዓይን ያፈጥብሻል። በየአሥር ስበቱ ጥረጊና በብርሃን እዪ። 600 ምንም ካላመጣ 400 ሞክሪ፣ ከዚያ በ600 ጨርሺ። መጨረሻ ላይ በግራጫው ስኮችብራይት ሙሉውን ጎን አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስማሚው። ቦታውን ብቻ ከነካሽ እንደተጣፈ ልብስ ያስታውቃል።

ያ በሽቦ የተፈተገው ቦታም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ታገሺ። የተሰካውን ተራ ብረት አብረሽ ማንሳት አለብሽ። ካለቀ በኋላ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊውና ዘይት ሳትቀቢ አንድ ሁለት ቀን ተዪው። ብርቱካንማ ነጥብ ብቅ ካለ ገና አልወጣም፣ ትደግሚያለሽ። ካላለ ወጥቷል።

የገላው መስመር ጭራሹን የማይታይ፣ እንደ ጭጋግ ያለ ልሙጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው በመስታወት ፍንጣሪ ተነፍቶበት የወጣ ነው። በእጅ ብትነኪው የነካሽው ያበራል፣ የቀረው ይፈዛል። ፍንጣሪ የሚነፉ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ያው ፍንጣሪ ትናንት የመኪና ቸርኬ ላይ ውሎ ይሆናል፤ ዝገቱን ይዞ ይመጣል። ያንቺው መስመር አለው፣ ተመስገን።

ጉድጓዱን ተዪው። በሦስተኛው ፎቶ ሁለት ትንንሽ ያየሁ መስሎኛል፣ ከእጀታው በላይ። ጉድጓድን ለማጥፋት በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ማውረድ ያስፈልጋል። አንዲት የስፒል ጫፍ የምታህል ነጥብ ለማጥፋት ሙሉ ጎን ይላጣል። ውስጡን በስቴኪኒና በዘይት አጽጂው፣ ቡናማው መምጣቱን ሲያቆም በቃ። ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ይቅር።

የከበሮው ፊት፣ ወደ በርሜሉ በዞረው በኩል፣ ጥቁር ቀለበቶች ካሉ እነሱንም ተያቸው። ዝገት አይደሉም፤ የባሩድ ጥቀርሻ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ያ ጥቁር ያናድደውና በብርጭቆ ወረቀት ይይዘዋል። በከበሮውና በበርሜሉ መሐል ያለው ክፍተት ግን ተለክቶ የተተወ ነው። ከዚያ ፊት ላይ ብረት በተላጠ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ጥቀርሻው እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችልም በባዶ እጅ አታሺው፣ ጓንት አድርጊ። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ስለ አሲድ አጭር ነገር። «የመጸዳጃ ቤት አሲድ አስነኪው፣ ወዲያው ያነጣዋል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ያነጣዋል። ከዚያ ይበላዋል። በሙቀት የጠነከረ ብረት ደግሞ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይጠጣል፣ ሃይድሮጂን የጠጣ ጠንካራ ብረት ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ማንኪያ ቢሰነጠቅ ማንኪያ ነው። ይሄ ግን ሽጉጥ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ በሲትሪክ አሲድ ልባሱን የማጠናከር ሥራ አለ፤ እኛም ለክሊኒክ ትሪ እንሠራዋለን። ድኝ ያለበት ብረት ግን ትንሽ ከቆየበት ይጠቁራል። ላንቺ አያስፈልግሽም። ንጹሕና ደረቅ አድርገሽ አየር ላይ ስታኖሪው ልባሱ ራሱ ይመጣል፣ በነፃ።

አሁን ወንድምሽ። ለሱም ፍትሐዊ ልሁን። በጣም የለሰለሰ ገጽ ከሸካራው ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል፤ ውሃና ጨው የሚደበቅበት የለውም። እንደ መስታወት አብርተው የሚያወጡ ፋብሪካዎችም አሉ። ግን እነሱ ብረቱን ከማብራታቸው በፊት አስተካክለው ነው፣ ጽሑፉንም አስበውበት ነው። ተራው ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ሰከንድ ካዘነበለ ጠርዙ ሄደ። ሽጉጥ ደግሞ ውበቱ ጠርዙ ነው። እንዲህ የተሠራ አንድ አይቻለሁ፤ የት እንደተሠራ አልናገርም። ባለቤቱ ሊያሳየኝ ከነፈቃዱ ይዞት መጣ። ብልጭ ብልጭ ይላል። ግን ጠርዞቹ ግማሹ እንዳለቀ ሳሙና ሟሟተዋል፣ የፋብሪካው ስም ተነካክቶ እንደ አሮጌ ሳንቲም ጽሑፍ ደብዝዟል፣ ከምላጩ ቀለበት ሥር ደግሞ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ መትቷል። «ትመልሰዋለህ?» አለኝ። ምኑን ልመልሰው።

ከውበቱም የባሰ ነገር አለ። መሣሪያ በአገራችን የሚያዘው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ነው። ሽጉጡ የሚታወቀው ደግሞ በላዩ በተመታው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በፖሊሽ ቢደበዝዝ «ሳይታወቀኝ ነው» ብለሽ ማንን ታስረጃለሽ? ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ማንም አይንካው፤ አንቺም፣ እኔም፣ ልጁም። ደግሞም በስምሽ የተመዘገበ መሣሪያ «እስከ ማክሰኞ ይቆይ» ተብሎ የሰው ሱቅ የሚያድር ዕቃ አይደለም።

ሲያልቅ ወደዚያ ማህደር አትመልሺው። ማህደሩን ለማስታወሻ ለብቻው አስቀምጪው። ሽጉጡን በስስ ዘይት አብሰሽ፣ በንጹሕ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን አኑሪው። አዲስ ጫማ ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣያት፣ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሪያት። ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ አውጥተሽ እዪው። በነካሽው ቁጥር የጣትሽን ላብ ጥረጊ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እጀታው ላይ ያሉትን አጫጭር ጭረቶች በመጀመሪያው ፎቶ አጉልቼ አየኋቸው። ሦስት አራት ናቸው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ፣ የቀለበት ጣት በሚያርፍበት። እነሱን አትንኪያቸው። የቀለበት ጭረት ናቸው። የጋብቻ ቀለበት ከሆነ ደግሞ እኛ አገር በግራ እጅ ነው የሚደረገው። አባትሽ ግራኝ ነበር እንዴ? ካልነበረ ከሱ በፊት የያዘው ሰውዬ ነው።